የተከለከለው ሸክላ፦ አምሃ እሸቴና የ1969 ወጣቶች

በ1948 የወጣ አንድ ንጉሠ ነገሥታዊ ድንጋጌ ሸክላ ከውጭ አስመጥቶ የመሸጥንም ሆነ የሀገሩን ዘፈን በሸክላ አሳትሞ የማውጣትን መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጠ። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ከአዋጅ ቁጥር ጋር ከመጣው ከአንዱ በስተቀር።) ድንጋጌው ለሃያ ዓመታት ያህል ማንም ሳይገዳደረው ቆየ። ከዚያ በ1969 ዕድሜው ገና በሃያዎቹ ውስጥ የነበረ አንድ የአዲስ አበባ ወጣት፣ አምሃ እሸቴ፣ ከማንም ፈቃድ ሳያገኝ የዓለማየሁ እሸቴን ድምፅ አስቀርጾ ወደ ሕንድ ላከ፤ ታትሞ ሲመለስም ለገበያ አቀረበው። የዘመናዊ ሙዚቃችን ታሪክ ጸሐፊዎች ሁሉ ይህችን ዓመት ይጠቅሷታል። እኔ ግን ከዚያ በፊት የነበረውን የሃያ ዓመት ዝምታ ሳይመረምሩ ወደ 1969 መዝለል ነገሩን ግማሽ ያደርገዋል ባይ ነኝ።

ሀገር ፍቅር ማኅበር ሸክላ ለመነገድ የተቋቋመ ድርጅት አልነበረም። በ1935 ጣልያን ድንበር ላይ ጦሩን ሲያከማች፣ ሕዝቡን ለአርበኝነት የሚቀሰቅስ ንግግርና ዘፈን እንዲያቀርብ በመኰንን ሀብተ ወልድ አስተባባሪነት የተመሠረተ ማኅበር ነው። ከነፃነት በኋላ እንደገና ተቋቁሞ ቴአትር ቤት ሆነ፤ ከየክፍለ ሀገሩ አዝማሪውን፣ መሰንቆ መቺውን፣ እምቢልታ ነፊውን፣ ተወዛዋዡን ሰብስቦ በአንድ መድረክ ላይ አሳየ። በሀገር ባህል ላይ የሠራው ሥራ ሊናቅ የሚገባው አይደለም። የ1948ቱ ብቸኛ መብትም በዚህ መንፈስ የተሰጠ ይመስለኛል፤ ዘፈን የሕዝብ ሀብት ነውና ነጋዴ እንዳይጫወትበት፣ ገቢውም ለማኅበሩ እንዲሆን። ችግሩ ማኅበሩ የተሰጠውን መብት ብዙም አለመጠቀሙ ነው። ጥቂት ሸክላዎች ወጡ፤ ከዚያ በኋላ ሥራው ቀዘቀዘ። ሕጉ ግን እንደ ጸና ቀረ። ራሱ የማያትመው አካል ሌላው እንዳያትም የሚከለክል ወረቀት በእጁ ይዞ ተቀመጠ።

ይህ በኢትዮጵያ ላይ መድረሱ ያስቆጫል፤ ምክንያቱም ድምፅን በዕቃ ላይ የማስቀረቱ ነገር ለኛ እንግዳ አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት መልእክት በሰም ላይ የተቀረጸ የራሳቸው ድምፅ ነበር። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፣ የአውቶሞቢል ሥራ እንዲማሩ ወደ ጀርመን የተላኩት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ፣ ቅኔና ዘፈናቸውን በዚያው ሀገር በሸክላ ላይ አስቀረጹ። የአንድ አዝማሪ ጣት ያለው መኰንን ድምፅ ከ1910 በፊት በጀርመን ሸክላ ላይ ገብቶ እያለ፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ የአዲስ አበባ ልጅ የሚወደውን ዘፋኝ ሸክላ ገዝቶ ቤቱ መውሰድ አለመቻሉን ምን ብለን እንፈታዋለን? ሙያውም ነበረ፤ ዘፋኙም ነበረ። አድማጩም ነበረ።

ስለ አድማጩ ትንሽ ልዘርዝር። በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች የናስ ሙዚቃን በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ አስለመዱ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር፤ የወንድሙ ልጅ ኔርሰስ ናልባንዲያንም ከጦርነቱ በኋላ የኢትዮጵያን ዜማ ለትልቅ ባንድ በማቀናበር አንድ ሙሉ ትውልድ አስተማረ። ከ1940ዎቹ ጀምሮ ክብር ዘበኛ፣ ፖሊስ ሠራዊት፣ ምድር ጦርና ማዘጋጃ ቤት የየራሳቸው የሙዚቃ ክፍል ነበራቸው። በ1955 ለንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርም የራሱን ኦርኬስትራ ጨመረበት። ጥላሁን ገሠሠ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ሀገር ፍቅር ገብቶ ወደ ክብር ዘበኛ የተሻገረው፣ ብዙነሽ በቀለ በዚያው ክፍል የገነነችው በዚህ ሥርዓት ውስጥ ነው።

ዘፋኞቹ የመንግሥት ደመወዝተኞች ናቸው። የደንብ ልብስ ይለብሳሉ፤ ማዕረግ አላቸው፤ ሲያጠፉ ይቀጣሉ። የኋላ ዘመን አድናቂዎች ይህን ወገን ቸል ይሉታል። ያ ሁሉ የ1970ዎቹ ሳክስፎንና ትራምፔት፣ ያ ሁሉ ኖታ የሚያነብ ወጣት ከሰማይ አልወረደም፤ ያሠለጠነው ሠራዊቱ ነው፤ መሣሪያውንም የገዛው የመንግሥት በጀት ነው። እነዚሁ ክፍሎች በአዳራሽ በሚያቀርቡት ትርዒትና በሬዲዮ በሚለቁት ዘፈን ሰፊ አድማጭ ፈጠሩ። ሆኖም ያ አድማጭ ድምፁን የሚያገኘው በሰጪው ሰዓትና በሰጪው ቦታ ብቻ ነበር። ሬዲዮው ሲያልቅ ዘፈኑም አለቀ። የአዳራሹ መጋረጃ ሲዘጋ ሕዝቡ ባዶ እጁን ወጣ።

በ1960ዎቹ ከተማው ተቀየረ። በታኅሣሥ 1960 ክብር ዘበኛ የሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ከሸፈ በኋላ ቤተ መንግሥቱ በዚያ ክፍል ላይ የነበረው እምነት እንደ ቀድሞው አልሆነም። ሆቴሎችና የምሽት ክበቦች የራሳቸውን ባንድ መቅጠር ጀመሩ፤ ራስ ሆቴል በስሙ የሚጠራ ባንድ ነበረው። አስመራ በሚገኘው የአሜሪካ ጦር ሠፈር በቃኘው የሚተላለፈው ሬዲዮ የሶልና የሮክ ሙዚቃን በአካባቢው አየር ላይ ረጨው። ከ1962 ጀምሮ የመጡት የሰላም ጓድ አስተማሪዎችም በሻንጣቸው ሸክላ ይዘው ወደ ክፍለ ሀገር ትምህርት ቤቶች ገቡ። አፍሮ ጠጉርና ሰፊ እግር ሱሪ፣ አጭር ቀሚስና ትልልቅ መነጽር የጎረምሳው መለያ ሆኑ። ሸክላ ማጫወቻ ያለው ቤትም በዛ።

ነገሩን ሁሉ የሚፈታልኝ ይኸው ነው። ማጫወቻው በቤቱ አለ፤ በላዩ የሚዞረው ግን የሌላ ሀገር ድምፅ ነው። ድንጋጌው ማስመጣቱንም ለማኅበሩ ብቻ ቢሰጥም፣ የጀምስ ብራውንና የኤልቪስ ሸክላ ከመደርደሪያ ይገዛል፤ የጥላሁን ግን የለም። ይህን ጉድለት ከማንም በላይ ቀርቦ የሚያየው በባንኮኒ ጀርባ ቆሞ የሚሸጠው ሰው ነው። አምሃ እሸቴ ያን ጊዜ የሙዚቃ ቤት ነበረው፤ የውጭ ሸክላ ይሸጣል። ገዢው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚጠይቅ፣ ምን ሲያጣ ፊቱን እንደሚያዞር የሚያውቀው ከዚያ ነው። በሙዚቃ ትምህርት ቤት አላለፈም። ያዳበረው ጆሮውንና የገበያ ዕውቀቱን ነበር። ታሪካችን ለዘፋኙና ለግጥም ደራሲው ቦታ ይሰጣል፤ ለአሳታሚው ግን ብዙ ጊዜ አይሰጥም። በዚህ ጉዳይ ላይ ግን ያለ አሳታሚው ታሪኩ አይጀመርም።

ሕጉን ሳያውቅ የገባበት አልነበረም። የሀገር ፍቅርን ብቸኛ መብት ያውቃል፤ ቢከሰስ እስር ሊመጣ እንደሚችልም ያውቃል። ያም ሆኖ አሰበው፤ መብቱን የያዘው አካል አያትምም፣ ሕዝቡ ይፈልጋል፣ ዘፋኞቹም ይፈልጋሉ። በ1969 በስሙ አምሃ ሬከርድስ ብሎ አሳታሚ ድርጅት አቋቋመ። የመጀመሪያውን ሸክላ ያወጣለት ዓለማየሁ እሸቴ ነው። ዓለማየሁ በ1941 የተወለደ፣ ከፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ የወጣ፣ የአሜሪካን ፊልምና ዘፈን በጉጉት የተከታተለ ወጣት ነበር። በመድረክ ላይ እንደ ጀምስ ብራውን ይጮኻል፤ ግጥሙ ግን አማርኛ፣ ቅኝቱም የኛው ነው። ከፒያኖ ተጫዋቹና አቀናባሪው ከግርማ በየነ ጋር አብረው ይሠሩ ነበር፤ ዓለም ግርማ የተባለውን ባንድም ሁለቱ በስማቸው አቋቁመዋል። ምርጫው በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። የውጭ ሸክላ ገዢው ጎረምሳ የለመደውን የድምፅ ኃይል በራሱ ቋንቋ የሚሰማው በዓለማየሁ ነበር።

ሥራው በወረቀት ላይ ቀላል ቢመስልም በተግባር እንዲህ አልነበረም። በኢትዮጵያ ሸክላ የሚያትም ፋብሪካ የለም። ዘፈኑ በቴፕ ተቀርጾ ወደ ውጭ ይላካል፤ መጀመሪያ ወደ ሕንድ፣ በኋላ ደግሞ ወደ ሊባኖስ። የአሳታሚው ገንዘብ ለወራት በሌላ ሀገር ታስሮ ይቆያል። ሣጥኑ በጉምሩክ በኩል ሲገባ ደግሞ ሕጉ የሚከለክለው ዕቃ በግልጽ በመንግሥት ሠራተኛ ፊት ያልፋል ማለት ነው። ቀረጻው ራሱ እንደ ዛሬው እያንዳንዱን መሣሪያ ለየብቻ የሚቀርጹበት አልነበረም። ዘፋኙና ባንዱ በአንድ ክፍል ቆመው አንድ ላይ ይጫወታሉ፤ አንዱ ከሳተ ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። በዚያ ዘመን ሸክላዎች ላይ የምንሰማው ትንፋሽ፣ ዘፋኙ ከትራምፔቱ ጋር የሚያደርገው እልህ፣ አንዳንዴም ከምት ወጣ የምትል ከበሮ የዚህ ውጤት ናቸው። እኔ እነዚህን እንደ ጉድለት አልቆጥራቸውም።

መንግሥት ምን አደረገ? በመጨረሻ ምንም አላደረገም። ሀገር ፍቅር መብቴ ተደፈረ ቢል ሕጉ ከጎኑ ነበረ፤ ይሁን እንጂ ሸክላው በየቤቱና በየቡና ቤቱ ከገባ በኋላ ማን ይሰበስበዋል? ክልከላው በአዋጅ የተሻረበትን ቀን ፈልገን የምናገኘው አይደለም፤ የተሻረው በተግባር ነው። ከአምሃ በኋላ የፊሊፕስ የኢትዮጵያ ቅርንጫፍ የሀገሩን ዘፋኞች ማተም ጀመረ፤ በ1973 ደግሞ በመርካቶ ዓሊ ታንጎ በሚል ስም የሚታወቀው ዓሊ አብደላ ኬይፋ በኬይፋ ሬከርድስ ተከተለ። ሦስቱ እየተፎካከሩ ዘፋኝ ይሻሙ ጀመር። በአራት ዓመት ውስጥ የተከለከለ ሥራ የነበረው የታወቀ ንግድ ሆነ።

አንድ ሸክላ በእጃችን ይዘን እንየው። ባለ 45 ዙር ነው፤ ስፋቱ ከእጅ መዳፍ እምብዛም አይበልጥም፤ መሐሉ ላይ ክብ ወረቀት ተለጥፏል። በወረቀቱ ላይ የአሳታሚው ስም፣ የዘፋኙ ስምና የዘፈኑ ርእስ በአማርኛም በላቲን ፊደልም ታትመዋል፤ አልፎ አልፎ የባንዱ ስም ይታከላል። በጎን ኤ እና ኢ የሚሉ የላቲን ፊደላትና ቁጥር አሉ፤ ፊደላቱ የአምሃ እሸቴ መነሻዎች ናቸው። የግጥም ደራሲው፣ ሳክስፎን የነፋው፣ ቤዝ ጊታር የያዘው ብዙ ጊዜ አልተጻፉም። ዓመተ ምሕረትም አብዛኛውን ጊዜ የለም። ስለዚህ የዚህ ዘመን ተመራማሪ የትኛው ዘፈን ከየትኛው እንደሚቀድም የሚያውቀው በመለያ ቁጥሩ ቅደም ተከተል፣ በሽፋኑ ፎቶግራፍና በሕይወት ባሉ ሙዚቀኞች ቃል ነው። ሽፋኑ ራሱ ሰነድ ነው፤ የዘፋኙ የጠጉር አቆራረጥ፣ የኮቱ ስፌት፣ የሸሚዙ ክሳድ ስለ ወቅቱ ይናገራሉ።

ይህ ትንሽ ዕቃ የዘፈኑን ቅርጽም ገራው። በአንድ ገጽ የሚይዘው ጊዜ ሦስት ደቂቃ ተኩል፣ ቢበዛ አራት ወይም አምስት ደቂቃ ነው። በጠጅ ቤት አዝማሪው ሰውን እያወደሰ፣ እየነካካ፣ ግጥም እየተቀበለ ግማሽ ሌሊት ሊያስኬደው የሚችለው ዜማ እዚህ ላይ መግቢያ፣ ሁለት ሦስት ስንኝ፣ የሳክስፎን መሸጋገሪያና መዝጊያ ሆኖ መጠቅለል ነበረበት። አቀናባሪው ገናና የሆነው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። በሦስት ደቂቃ ውስጥ አድማጩን ይዞ ማስቀረት የሚችል መግቢያ የሚጽፍ ሰው ከዘፋኙ እኩል ይፈለግ ነበር፤ ግርማ በየነ ራሱ ከዘፈናቸው ጥቂት ዘፈኖች ይልቅ ለሌሎች ባቀናበራቸው ብዙ ዘፈኖች ይታወቃል።

ሙላቱ አስታጥቄም የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በ1943 ጅማ ተወልዶ በዌልስና በለንደን ከተማረ በኋላ ቦስተን በሚገኘው በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባ፤ በ1966 ኒው ዮርክ ላይ የላቲን ምት ከኢትዮጵያ ዜማ ጋር ያዋሐዱ ሁለት ሸክላዎች አወጣ። ወደ ሀገሩ ሲመለስ ቫይብራፎኑንና የኤሌክትሪክ ኦርጋኑን ይዞ ነበር። የሰው ድምፅ የሌለበት ሙዚቃ ለገበያ ማውጣት ያን ጊዜ ድፍረት ይጠይቃል፤ አድማጫችን ግጥም ይፈልጋልና። አምሃ የሙላቱን የመሣሪያ ሙዚቃ በትልቅ ሸክላ አሳተመ፤ በ1974 ደግሞ የካቲት ኢትዮ ጃዝ የሚለው ወጣ። በወቅቱ ከዘፋኞቹ ሸክላ ጋር የሚወዳደር ሽያጭ ያለው አልነበረም። አሳታሚው ግን አሳተመው፤ ትርፍ ብቻ የሚቆጥር ነጋዴ ይህን አያደርግም።

ከዘፋኞቹም ወጣትነቱ ጎልቶ የሚታየው ሙሉቀን መለሰ ነው። ከጎጃም መጥቶ አዲስ አበባ ያደገው ይህ ልጅ ገና ጢም ሳያበቅል በምሽት ክበብ መድረክ ላይ ቆመ፤ ከኢኳተርስ ባንድ ጋር ሄደች አሉን ሲያስቀርጽ በአሥራዎቹ ዕድሜ ነበር።  የክብር ዘበኛ ባልደረባ የነበረው ማሕሙድ አሕመድ በ1971 ከቬነስ ባንድ ጋር በአምሃ በኩል የመጀመሪያ ሸክላውን አወጣ። ማሕሙድ በልጅነቱ ጫማ የጠረገ፣ አሪዞና በተባለው ክበብ በጉልበት ሥራ ተቀጥሮ ሳለ ዘፋኝ በቀረበት ምሽት መድረክ ላይ ወጥቶ የታወቀ ነው። ቀን በደንብ ልብስ ለመንግሥት፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ለግል አሳታሚ መዝፈን ያኔ የብዙዎች ኑሮ ሆነ። ሠራዊቱ ያሠለጠነው ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ባለቤቱን ተከትሎ ወደ ገበያ ወጣ።

አድማጩስ እንዴት ተገኘ? ማስታወቂያ የሚባል ብዙ አልነበረም። ሙዚቃ ቤቶች የድምፅ ማጉያቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ከጠዋት እስከ ማታ ያጫውታሉ፤ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ይሰማል፤ ያለው ይገዛል፤ የሌለው ነገም እዚያው ያልፋል። ቡና ቤቶችና መጠጥ ቤቶች አዲስ ሸክላ ካልያዙ ደንበኛ ይሸሻቸዋል። አንዲት ሸክላ በአንድ ቡና ቤት ስንት መቶ ጆሮ እንደምትደርስ መገመት ይቻላል። ገዢው ጥቂት ቢሆንም ሰሚው ብዙ ነበረ፤ በዚህ ምክንያት የሽያጩን ቁጥር ብቻ ይዞ የአድማጩን ስፋት መለካት ያሳስታል። ክፍለ ሀገር የሚሄድ ሹፌርና ተማሪ ሸክላውን በሻንጣው ይዞ ሲወጣ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው ነገር ጅማና ደሴ ይደርሳል።

አምሃ ሬከርድስ ከ1969 እስከ 1975 ድረስ 103 ባለ 45 ዙር ሸክላዎችና 12 ትላልቅ ሸክላዎች አወጣ። ሌሎቹን አሳታሚዎች ጨምረን እስከ 1978 ብንቆጥር በአጠቃላይ ወደ 500 የሚጠጉ ትናንሽና 30 ያህል ትላልቅ ሸክላዎች ናቸው። ለአንድ ሀገር ይህ ብዙ አይደለም። አንድ የናይጄሪያ ወይም የኮንጎ አሳታሚ ብቻውን የሚያወጣው ነው። እኛ ግን ስለዚያ ዘመን የከተማ ድምፅ በእጃችን ያለው የሚጨበጥ ማስረጃ በአብዛኛው ይኸው ነው። የ1950ዎቹ ታላላቅ ዝግጅቶች፣ ጥላሁን በወጣትነቱ በአዳራሽ ያሳየው፣ ኔርሰስ ያቀናበራቸው አብዛኞቹ ሥራዎች በሕዝብ እጅ ባለ ሸክላ ላይ አልቀሩልንም። ሳንሱር የቆረጠው ስንኝ ቢያንስ ቆራጭ አለው፤ ይጻፋል፣ ይወቀሳል። ያልታተመው ግን ወቃሽ እንኳ የለውም። የ1948ቱን ድንጋጌ አጥብቄ የምወቅሰው በዚህ ነው።

በየካቲት 1974 አብዮቱ ፈነዳ፤ በመስከረም ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ። ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ሌሊቱን የሚኖረው ሙዚቃ ሌሊቱን አጣ። ክበቦቹ ተዘጉ ወይም በራቸውን ዘግተው እንግዳውን እስኪነጋ ውስጥ ማሳደር ግድ ሆነባቸው። ለአብዮቱ የሚዘፍን የቀበሌና የከፍተኛ ኪነት ቡድን በዛ፤ የግል አሳታሚ ግን የቡርዥዋ ጠረን ያለው ሰው ተደርጎ የሚታይበት ጊዜ መጣ። አምሃ በ1975 ሀገሩን ጥሎ ወጣ። ኬይፋ ጥቂት ቀጠለ፤ የማሕሙድ አሕመድ ኧረ መላ መላም በእሱ በኩል በ1975 ወጣ። በ1978 ሸክላ ማተም አበቃ። ካሴት ተተካ። ካሴት ርካሽ ነው፤ እዚሁ ይባዛል፤ ቤይሩት መላክ አያሻም። ይኸው ጥቅሙ ጉዳቱም ሆነ፤ ማንም ከማንም ይቀዳል፤ አሳታሚው ወጪውን ሳይመልስ ዘፈኑ በየመንገዱ ይሸጣል። የ1960ው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሥነ ጽሑፍና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት አንቀጾች ቢኖሩትም፣ የድምፅ ቅጂ አዘጋጁንና ዘፋኙን በግልጽ የሚጠብቅ ሕግ የመጣው በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። አምሃ ሥራ ከጀመረ 35 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

አምሃ በዋሺንግተን ምግብ ቤትና የምሽት ክበብ ከፍቶ ኖረ። ስደተኛው ኢትዮጵያዊ በዚያች ከተማ እየበዛ ሲሄድ ሙዚቃውም ተከተለው። ዋልያስ ባንድ በ1981 ማሕሙድ አሕመድንና ጌታቸው ካሳን ይዞ አሜሪካን ዞረ፤ ጉዞው ሲያልቅ ከባንዱ ጥቂቶቹ አልተመለሱም። ከቀሩት አንዱ የኪቦርዱ ኃይሉ መርጊያ ነው፤ በዋሺንግተን ለረጅም ዘመን ታክሲ ነዳ። ግርማ በየነም እዚያው ቀርቶ ከሙዚቃ ራቀ። አንዱ ትውልድ በዚህ መልክ በሁለት አህጉር ተበተነ፤ ሸክላዎቹ ደግሞ በየቤቱ አቧራ ለበሱ።

ሁለተኛው አድማጭ የመጣው ከማይጠበቅ ወገን ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ በ1980ዎቹ የማሕሙድን ሸክላ ሰምቶ ምንጩን ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ መጣ። በ1986 ኧረ መላ መላ ቤልጅግ ውስጥ እንደገና ታተመ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም ቡዳ ሙዚክ በተባለ የፓሪስ አሳታሚ በኩል ኢትዮፒክስ የሚባለው ተከታታይ ሲዲ ወጣ፤ የመጀመሪያዎቹ ቅጾች በአብዛኛው የተሠሩት ከአምሃና ከኬይፋ ሸክላዎች ነው። አራተኛው ቅጽ ለሙላቱ፣ ዘጠነኛው ለዓለማየሁ ተሰጠ። በ2005 የጂም ጃርሙሽ ብሮክን ፍላወርስ የተባለው ፊልም የሙላቱን ሙዚቃ ሲጠቀም፣ በ1970ዎቹ አዲስ አበባ ላይ ገዢ ያጠረው ያ ቃል የለሽ ሙዚቃ በዓለም ዙሪያ ወጣት አድማጭ አገኘ። ኃይሉ መርጊያ በ1985 በአኮርዲዮንና በኪቦርድ ብቻውን ያወጣው ካሴት በ2013 በአሜሪካ እንደገና ሲታተም፣ ታክሲ ነጂው ወደ መድረክ ተመለሰ።

የፋልሴቶን ሥራ በአድናቆት እቀበላለሁ፤ ያለ እሱ ብዙው በጠፋ ነበር። ሆኖም ከዚህ የተነሣ አንድ የተሳሳተ አስተሳሰብ ተተክሏል፤ ይህ ሙዚቃ በኤውሮፓውያን የተገኘ ሀብት ነው የሚል። መጀመሪያ ያገኘው የራሱ ዘመን ወጣት ነው። ሕግ እየከለከለው ያሳተመው፣ ከደመወዙ ቆርጦ የገዛው፣ በየቡና ቤቱ ደጃፍ ቆሞ የሰማው እሱ ነው። ፓሪስ የመጣችው ሃያ ዓመት ዘግይታ ነው። በሲዲው ሽፋን ላይ ስለ ድንጋጌው፣ ስለ አምሃ፣ ስለ ዓሊ ታንጎ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ በዝርዝር ተጽፏል፤ በአማርኛ ግን ስለ ዘፋኞቹ የተጻፈውን ያህል ስለ አሳታሚዎቹ የተጻፈ አናገኝም።

ግርማ በየነ ከረጅም ዝምታ በኋላ አካሌ ውቤ ከተባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋር በ2017 አዲስ ሥራ አወጣ፤ የኢትዮፒክስ ሠላሳኛ ቅጽም ሆነ። አምሃ እሸቴ ወደ ሀገሩ ተመልሶ ሲኖር ቆይቶ በሚያዝያ 2021 መጨረሻ ዐረፈ፤ ዓለማየሁ እሸቴ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 2 ቀን ተከተለው። የመጀመሪያውን ሸክላ ያወጡት አሳታሚና ዘፋኝ በአራት ወር ልዩነት ሄዱ። በእነዚያ ሸክላዎች ወረቀት ላይ ስማቸው ያልሰፈረ የባንድ አባላት ግን ጥቂቶቹ ዛሬም በአዲስ አበባ፣ በዋሺንግተንና በሌሎች ከተሞች አሉ። በየትኛው ዘፈን ላይ ማን ምን እንደተጫወተ፣ የት እንደተቀረጸ፣ ምን ያህል እንደተከፈለው ከእነሱ ሌላ የሚነግረን የለም። የዩኒቨርሲቲዎቻችን የታሪክና የሙዚቃ ተማሪዎች መቅረጫቸውን ይዘው ወደ እነሱ የሚሄዱበት ጊዜ አሁን ነው፤ አምሃ ባሳተማቸው 115 ሸክላዎች ቢጀምሩ ለመመረቂያ የሚበቃ ሥራ አላቸው።